የደነዘዘው እጄና ለስልኬ የነገርኩት ምስጢር

በሽታው ሲጀምረኝ በሽታ አልመሰለኝም።

ስሜ ዘቢባ ነው። ዱራሜ ተወልጄ አድጌ ሆሳዕና ተቀጠርኩ፤ እዚያው በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ሆኜ አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ከየወረዳው የሚመጣውን ወረቀት አሰባስቦ አንድ ሪፖርት ማድረግ ነው፤ ባጭሩ ከጠዋት እስከ ማታ መተየብ። አንድ ቀን የሩብ ዓመቱን ሪፖርት ልጨርስ ስል በቀኝ እጄ ጣቶች ላይ ጉንዳን የሚሄድብኝ መሰለኝ። እጄን አራገፍኩት፤ ተወኝ። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ። ሁለት ወር ሳይሞላ እንቅልፌን ያቋርጠኝ ጀመር። እጄ የሌላ ሰው እጅ እስኪመስለኝ ድረስ ደንዝዞ እነቃለሁ፤ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ እርጥብ ጨርቅ አራግፈዋለሁ። ባለቤቴ ሸረፋ «ምን ሆነሽ ነው?» ይለኛል። «ተኝቼበት ነው፤ ተኛ» እለዋለሁ። ከሆሳዕና ዱራሜ ሚኒባስ ስለሚነዳ ማልዶ ነው የሚነሳው። ላስጨንቀው አልፈለግኩም።

ይህን የምነግራችሁ እንደ እኔ ጣታቸው እየደነዘዘ «ድካም ነው» ብለው የሚያልፉ ብዙ ሰዎች እንዳሉ ስለማውቅ ነው። እኔ በማለፌ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ባክኛለሁ። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱ በቦታው ይመጣል።

ሽንኩርት ስከትፍ ቢላዋው ከእጄ ይወድቅ ጀመር። የልጄን የዩኒፎርም ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። ያኔ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁ። «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» ተባልኩ። እኛ ዘንድ ራስም ይታመም ጉልበት፣ ደም ከተሰጠ ታይፎይድ አይጠፋም። መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ዋጥኩ። ሆዴ ተቃጠለ እንጂ እጄ ምንም አልተሻለውም። ሌላ ክሊኒክ ደግሞ «ሪህ ነው፤ ሥጋ ተዪ» አሉኝ። ሥጋ ተውኩ። ከዚያ ዘመዶቼ ሀደሮ ያለ አንድ ወጌሻ ጋ ወሰዱኝ። አንጓዬን በቅቤ እያሸ «ወልቋል» አለና አንዴ ሲጠመዝዘው ጩኸቴ ውጭ ድረስ ተሰማ። እጄ አብጦ አምስት ቀን ከአንገቴ ላይ በነጠላ ታስሮ ከረመ።

በእነዚያ ቀናት ያጎረሰችኝ ራሔል ናት።

ስለ ራሔል መናገር ይከብደኛል፤ ግን ያለሷ ታሪኩ አይሟላም። ዱራሜ የእነሱና የእኛ ቤት የሚለየው በአንድ አጥር ነው። እናቷ እማማ አበበች በበዓላቸው እኛም እንድንበላ ብለው አባቴን ጠርተው ለብቻ ዶሮ ያሳርዱልን ነበር። አንድ ክፍል ተምረናል፤ ኮሌጅ ሳለን አንድ አልጋ ላይ ተኝተናል፤ አንድ መሥሪያ ቤት ገብተን ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነበር። እጄ ሲያብጥ ምሳ ዕቃዬን ከፍታ ቆጮውን ቆርሳ ታጎርሰኝ ነበር። ሰዎች ሲያዩን «ምነው፣ ሙሽራ ሆነች እንዴ?» ይሏታል። «ለእኔ ምንጊዜም ሙሽራዬ ናት» ትላለች።

በመጨረሻ የሆስፒታል ተራ ያዝኩ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረን ካርዳችን እስኪጠራ እንጠብቃለን። ሰው እየበዛ ወንበሩ እየጠበበ ይሄዳል፤ አንዷ ታቅፋው የመጣችው ሕፃን ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ከሰዓት በኋላ ተራዬ ደርሶ ገባሁ። ዶክተሯ ወጣት ናት። የደም ምርመራ አላዘዘችም። እጄን ይዛ «የትኞቹ ጣቶችሽ ናቸው የሚደነዝዙት?» አለችኝ።

«ሁሉም።»

«ትንሿ ጣትሽስ?»

አሰብኩ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። «እሷስ ደህና ናት» አልኳት።

ፈገግ አለች። «በቃ፤ በሽታሽን ነገርሽኝ። አንጓሽ ውስጥ ጠባብ መተላለፊያ አለ። ጅማቶችና አንድ ነርቭ በዚያ ያልፋሉ። ብዙ ሲሠራበት አካባቢው ያብጥና ነርቩን ይጫነዋል። ያ ነርቭ ወደ ትንሿ ጣት አይሄድም፤ ለዚህ ነው እሷ የተረፈችው።» ከዚያ አውራ ጣቴ ሥር ያለውን ሥጋ ጫን ጫን አድርጋ አየችውና ፈገግታዋ ጠፋ። «እዚህ ጋ መክሳት ጀምሯል። ዘግይተሻል። አንጓሽን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ መደገፊያ እሰጥሻለሁ፤ ግን ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልግሽ ይመስለኛል። እስከዚያው መተየብ አቁሚ።»

«ዶክተር፣ ሥራዬ እኮ መተየብ ነው።»

«ነርቩ ከሞተ ያንን ሥራ እስከ መቼ ትሠሪዋለሽ?»

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠ አንድ ዓይነ ስውር ሰው ስልኩን አፉ ጋ አስጠግቶ ያወራ ነበር። ደብዳቤ የሚመስል ነገር፣ «ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር» እያለ። ማልቀሴን ሰምቶ ኖሮ አቋርጦ «አይዞሽ» አለኝ። መምህር ሎዴቦ ይባላል፤ ሙዱላ ነው የሚያስተምረው። የሆንኩትን ነገርኩት።

«ታዲያ በአፍሽ ጻፊዋ» አለኝ። «እኔ እናገራለሁ፣ ስልኩ ይጽፋል። የተጻፈውን ደግሞ ለኤአይ ረዳቱ እሰጥና 'በደብዳቤ መልክ አስተካክልልኝ' እለዋለሁ። ለሰው እንደምታወሪ አድርገሽ ንገሪው። ነጥቡ የት ይግባ፣ ዐረፍተ ነገሩ የት ይለቅ ብለሽ አትጨነቂ፤ እሱ ይለቅመዋል።» ስልኬን አስወጥቶኝ የማይክሮፎኗ ምልክት የት እንዳለች በቃሉ እየነገረኝ አስከፈተኝ። ሲጨርስ «ከመጀመርሽ በፊት ግን እዚህ ማን አለ ብለሽ ጠይቂ፤ እኔ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ» አለ። ሳቅሁ። እኔ እኮ አያለሁ ብዬ ነው የሳቅሁት።

የመጀመሪያው ሳምንት መከራ ነበር። ቤታችን የሚነገረው ከምባትኛ ነው፤ አማርኛዬ ሰው ይረዳዋል እንጂ የአዲስ አበባ ሰው አማርኛ አይደለም። «የሌሞ ወረዳ» ስል «የሎሚ ወረደ» ብሎ ይጽፋል። «ዱና ወረዳ» ስል «ደህና ወረዳ» ይላል። አንድ ከሰዓት ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የጻፈውን ባነብ ዝናቡን ራሱ የጻፈ ይመስል ነበር። ራሔልና እኔ «ሎሚ ወረደ፣ ገበያ እንሂድ» እየተባባልን በሳቅ ሞትን። ቀስ እያልኩ ግን ለመድኩት። ቀስ ብዬ፣ ቃላቱን እየለየሁ እናገራለሁ፤ ለረዳቱ በመጀመሪያው መስመር ላይ «የወረዳዎቹ ስም እነዚህ ናቸው» ብዬ እዘረዝርለታለሁ፤ ከዚያ ስልኩ ሲሳሳት እሱ ያርመዋል። ሁለት ቀን ይፈጅ የነበረው ሪፖርት በአንድ ቀን አለቀ። አንድ ጊዜ ያልነገርኩትን ቁጥር ጨምሮ አገኘሁትና ደነገጥኩ፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ሳላስተያይ አንድም ነገር አላስረከብኩም። እናንተም አደራ።

ችግሩ ቦታው ነው። ስትተይቡ ማንም አይሰማችሁም፤ ስትናገሩ ግን ቢሮው በሙሉ ይሰማል። ባልደረቦቼ «ዘቢባ ዛሬም ከጂኒ ጋር ታወራለች» ይሉ ነበር። ያኔ ራሔል መፍትሔ አመጣች። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ ላይ ስለነበረች ቁልፉን የያዘችው ራሔል ነበረች።

«ምሳ ሰዓት ላይ መዝገብ ቤት ግቢና እንደልብሽ አውሪ» አለችኝ። «እኔ በሩ ላይ ሆኜ እጠብቅልሻለሁ፤ ማንም አይረብሽሽም።»

እጇን ሳምኩት። ሦስት ወር እንዲያ ሠራሁ። እኔ በመደርደሪያዎቹ መሀል ተቀምጬ እናገራለሁ፣ እሷ በሩ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥታ ሹራብ ትሠራለች።

በዚህ መሀል የሠራተኛ ድልድል መጣ። የእኛ ክፍል ሁለት ባለሙያ የነበረው አንድ ሆነ፤ እኔና ራሔል ለአንድ ወንበር ልንወዳደር ነው። «ማናችንም ብናልፍ ያው ነው» ተባባልን። እኔ ከልቤ ነበር ያልኩት። ቢያንስ ከልቤ ያልኩ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለቀዶ ሕክምናው ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈልኝ። ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ አንድ ምሳ ሰዓት መዝገብ ቤት ገባሁ። ያን ቀን ሪፖርት አልነበረኝም። ስልኩን ከፍቼ ለማንም ያልነገርኩትን ለረዳቱ ነገርኩት። የተናገርኩትን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ «ቀኝ እጄ ከእንግዲህ ብዕር የሚይዝ አይመስለኝም። ባለቤቴ እንኳን ይህን ያህል መሆኑን አያውቅም። ድልድሉ እስኪያልፍ ሕመሜን ብደብቅ ያስጠይቀኛል? ምን ልጻፍላቸው?»

ረዳቱ መደበቁን አልመከረኝም። የሕክምና ማስረጃዬን አያይዤ በድምፅ መሥራት እንዲፈቀድልኝ በግልጽ ብጠይቅ እንደሚሻል ነገረኝ፤ ማመልከቻውንም አብረን አዘጋጀን። ሰኞ ላስገባው ወሰንኩ። ቀኑ ዐርብ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ማመልከቻዬን ሳላስገባ የድልድል ኮሚቴው አስጠራኝ። ሦስት ሰዎች ናቸው። ሰብሳቢው መልካም ሰው ናቸው፤ ግን አላዩኝም፤ የሚያዩት ፊታቸው ያለውን ወረቀት ነበር።

«ወይዘሮ ዘቢባ፣ አንድ ጥቆማ ደርሶናል። ሪፖርትዎን የሚሠራው ማሽን ነው፣ የመሥሪያ ቤቱንም መረጃ ለማሽን ይሰጣሉ ይላል።»

«የምናገረው እኔ ነኝ፤ እሱ ያስተካክላል፤ ቁጥሩን እኔ አመሳክራለሁ። ሪፖርቱም ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ነው» አልኩ። አልፈራሁም ነበር።

«ሌላም አለ።» መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። «'ቀኝ እጄ ከእንግዲህ ብዕር የሚይዝ አይመስለኝም። ባለቤቴ እንኳን ይህን ያህል መሆኑን አያውቅም። ድልድሉ እስኪያልፍ ሕመሜን ብደብቅ...' ይህን ብለዋል?»

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ስልኬን ነው። አላህ ይይልኝ፣ ስልኬ የከዳኝ መሰለኝ። ከዚያ ወረቀቱን አየሁት። ከባለ ካሬ ደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው፤ በእጅ የተጻፈ። ያንን የእጅ ጽሑፍ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ። ቀርቼ በዋልኩባቸው ቀናት የገለበጥኩት ከእሱ ላይ ነው፤ «ለ» ሲጻፍ አንደኛው እግሩ ይረዝማል። ቃሌ አንድም ሳይጎድል ተጽፏል። በሩ ላይ ሆና ሹራቧን አስቀምጣ እየጻፈች ነበር ማለት ነው።

«ብያለሁ» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? ማመልከቻዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋቸው። ጣቶቼ አልጨብጥ ስላሉ ወረቀቱ መሬት ወደቀ፤ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አነሱት።

ቢሮ ስመለስ ራሔል ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች። አላፈረችም፤ አልደነገጠችም፤ የምትጠብቀኝ ትመስል ነበር።

«በሩን እጠብቅልሻለሁ ነበር ያልሽኝ» አልኳት።

«ዘቢ፣ እኔ ልጄን ለብቻዬ ነው የማሳድገው። አንቺ ባል አለሽ፣ መኪና አለው። ይህ ሥራ ከሄደብኝ የምወድቅበት የለኝም።»

«ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ብትጠይቂኝ?»

«ብጠይቅሽ ትለቂልኝ ነበር?»

ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ወጣሁ። ከሁሉም የበለጠ የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ከድታኝ ስታበቃ ራሴን ደግሞ እንድጠይቅ አደረገችኝ።

ነገሩ ግን ቢሮ ውስጥ አልቀረም። ሆሳዕናና ዱራሜ መሀል የሚመላለስ ወሬ ከሚኒባስ ይፈጥናል። በሦስተኛው ቀን ሸረፋ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

«ዛሬ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ስለ አንድ ሴት ያወራሉ» አለ። «እጇ ሽባ ሊሆንባት ነው፣ ባሏ አያውቅም ይላሉ። ባልየው እኮ መሪውን ይዞ ይሰማቸዋል።»

«ሸረፋ...»

«ለስልክ የነገርሽውን ለእኔ መንገር አቅቶሽ ነው?»

«እንዳትጨነቅ ብዬ ነው።»

«አሁን አልተጨነቅኩም?» አለና ተነሥቶ ወጣ። እኔን ራሔል እንደከዳችኝ ሁሉ እሱን ደግሞ እኔ ከድቼው ነበር። ለአንድ ሳምንት ያህል «ምግብ ቀርቧል» ከማለት በቀር አልተነጋገርንም። በስምንተኛው ቀን ሪፈር የተባለውን ወረቀት ከቦርሳዬ ራሱ አውጥቶ አነበበው፤ ሁለት ጊዜ አነበበው። «መቼ ነው የምንሄደው?» አለኝ። «የምትሄጂው» አላለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጃችንን ዩኒፎርም የሚያለብሳት እሱ ነው።

ወንበሩን ራሔል አገኘች። እኔ መዝገብ ቤት ተመደብኩ። ቅሬታ አስገባሁ፤ ቅሬታ ሰሚዎቹ ማስረጃዬን አይተው በድምፅ መሥራት እንደሚፈቀድልኝ በደብዳቤ አረጋገጡልኝ፤ ምደባውን ግን አልለወጡትም። «ቀድመሽ ብታሳውቂ ኖሮ» አሉኝ። ልክ ናቸው። በአንድ ቅዳሜና እሑድ ነው የተቀደምኩት፤ ቢሆንም ልክ ናቸው። ስለዚህ እጃችሁ የሚያማችሁ ሰዎች ሆይ፣ ማስረጃችሁን ሰው ሳያወራላችሁ በፊት ራሳችሁ አስገቡ። ለኤአይ ረዳት ሥራ ስትሰጡም ከአለቃችሁ ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ። ሐሳባችሁን በድምፅ ስታወጡ ደግሞ በሩን የዘጋው ማን እንደሆነ እወቁ።

አዲስ አበባ ወረፋው አራት ወር ፈጀ። ሲደርሰኝ ቀዶ ሕክምናው ራሱ ከጠበቅኩት የቀለለ ነበር። እጄን ብቻ አደነዘዙት፤ እኔ ነቅቼ ጣሪያውን አያለሁ። ሐኪሙ «ነርቩ ተጨፍልቆ ነበር፤ አሁን ተለቀቀ» አለኝ። ነርሷ ግንባሬን በሶፍት ጠረገችልኝ፤ ስሟን አልጠየቅኩም፤ ዱዓ ሳደርግ ግን «ያቺ ነርስ» እያልኩ አስባታለሁ። ሸረፋ ውጭ ቆሞ ነበር። ሲያየኝ መጀመሪያ ያለው «ርቦሻል?» ነው።

ስፌቱ ከወጣ በኋላ ስሜቱ በአንድ ጊዜ አልተመለሰም። መጀመሪያ ሙቅ ውኃ አወቅሁ። ቀጥሎ የቁልፍ ጠርዝ። አንድ ጠዋት ምስር ስለቅም ጠጠሩን ዓይኔ ሳያየው ጣቴ አገኘው፤ ሰፌዱን አስቀምጬ ጮክ ብዬ «አልሐምዱሊላህ» አልኩ፤ ልጄ ደንግጣ ሮጣ መጣች። አውራ ጣቴ ሥር የከሳው ሥጋ ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ዶክተሯም አይመለስ ይሆናል ብላኛለች። ከግማሽ ገጽ በላይ ስተይብ ያመኛል። ዛሬም ብዙውን የምሠራው በድምፅ ነው። ይህንንም ጽሑፍ የተናገርኩት ነው።

ከሕክምናው በተመለስኩ በአምስተኛው ሳምንት ራሔል ልትጠይቀኝ ቤት መጣች። ብርቱካን ይዛለች። ጎረቤቶች ተሰብስበው ነበር፤ ቦታ ለቀቁላት። አጠገቤ ተቀምጣ ቀኝ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው፤ ጠባሳውን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው።

«ዳነልሽ?»

«ዳነልኝ።»

እውነትም ድኗል። ጣቶቿ ቀዝቃዛ እንደሆኑ፣ የሌባ ጣቷ ጥፍር እንደተሰነጠቀ፣ ሁሉንም አወቅኩት። ዓመት ሙሉ አላህን የለመንኩት ይህንን ነበር። ያን ሰዓት ግን ደንዝዞ ቢቆይልኝ በወደድኩ።

«ይቅር በይኝ፣ ዘቢ» አለች ዝቅ ብላ።

ጎረቤቶቹ ሁሉ እኔን ያያሉ። «አላህ ይቅር ይበለን» አልኩ። ሰው ሰምቶ ደስ አለው፤ አንዷ እንባዋን ጠረገች። ራሔል ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀኛለች፤ ከልቤ እንዳልሆነ ገብቷታል። እጄን ቀስ አድርጋ ጭኔ ላይ መለሰችልኝ።

ልትሄድ ስትነሣ ሸረፋ አብሯት ተነሣ። በእኛ ወግ የመጣን ሰው እስከ አጥር በር ሳይሸኙ አይቀሩም፤ ጠላትም ቢሆን። እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም።